ካዛንቺስ ስንት በመቶ ነበረች?

ግድግዳው ላይ «ቀልጣፋና ውጤታማ አገልግሎት መስጠት ግዴታችን ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከሥሩ ባለቀለም ግራፍ ተለጥፏል፤ የሩብ ዓመቱ የዕቅድ ክንውን 103 በመቶ ይላል። ከግራፉ ሥር ደግሞ እኛ ተኮልኩለናል። ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ ካዛንቺስ ገና ካዛንቺስ ሳለች። ከአምስታችን ጉዳይ ያለው አንዱ ብቻ ነበር፤ አራታችን አጃቢዎች ነን። (ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ከሚሠራቸው ሥራዎች ዋነኛው አጃቢነት ነው።) መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» አለች። ሲስተም ከሌለ 103 በመቶው ከየት መጣ ብለን ተሳሳቅን። ቢሮውን እዚህ ስሙን አንጠራውም፤ እናንተም የምታውቁት የሌላ ሰፈር ቢሮ ይመጣላችኋልና ስም መጥራቱ አያስፈልግም።

የዚያን ቀን ከመካከላችን ሒሳብ የሚወደው ልጅ ደብተሩን አወጣና መቁጠር ጀመረ። ከጧቱ 2፡30 እስከ 6፡30 ድረስ ሁለት መስኮቶች ሠሩ። 40 ሰዎች ተስተናገዱ። እያንዳንዱ ሰው በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ጠብቋል። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ጥናት አላደረግንም። ግን ያቺ የደብተር ገጽ ከእኛ ጋር ብዙ ቆየች፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም በእርሷ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ስለ 103 በመቶው እናውራ። አገራችን ተቋማትን ለመለካት ያልሞከረችው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ2000 ዓ.ም አካባቢ «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» በየመሥሪያ ቤቱ ገባ፤ ሁላችንም የምናውቀው ግን ቢ.ፒ.አር. በሚለው ስሙ ነው። ከዚያ ቢ.ኤስ.ሲ. መጣ። በ2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ቃላቱ በመጡ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለው ግራፍ ተቀየረ፤ አንድ ልማድ ግን አልተቀየረም። መሥሪያ ቤቱ የሚለካው ራሱ ካወጣው ዕቅድ ጋር ነው። መቶ አገለግላለሁ ብሎ 90 ያገለገለ ሰነፍ ይባላል፤ 30 አገለግላለሁ ብሎ 31 ያገለገለ ከመቶ በላይ ይፈጽምና ይሸለማል። እንዲህ ባለው ፈተና ጎበዝ ለመሆን የሚያስፈልገው ትንሽ ማቀድ ነው።

ሒሳብ ወዳዱ ጓደኛችን ዩኒቨርሲቲ ሳለ የተማረው ሌላ የመለኪያ መንገድ ነበር። ስሙ ዳታ ኢንቨሎፕመንት አናሊሲስ ይባላል፤ በአጭሩ ዲ.ኢ.ኤ.። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ማንኛዋም የካዛንቺስ ቡና ሻጭ የምትረዳው ነው። እንዴት አወቃችሁ ብትሉን፣ ለአንዲት ቡና ሻጭ አስረድተናታል። እንዲያውም ለካናት።

ሰፈራችን በዚያ ዘመን ጀበና የማይወጣበት ጥግ አልነበራትም። እኛ የምናዘወትራቸው ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ባለ አንድ ምድጃ ልጅ ናት፤ ከሰል ትቆጥባለች፣ ግን ቀስ ትላለች። ሁለተኛዋ ሁለት ምድጃ ጎን ለጎን አንድዳ የዑራኤልን መንገድ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ታስተናግዳለች፤ ከሰሏ ግን አይጣል ነው። ሦስተኛዋ እትዬ ናቸው። እትዬ የሚል ስም እንጂ ሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። እንግዲህ ሦስቱም 100 ስኒ ለመሸጥ የሚያወጡትን ደብተሩ ላይ እንዲህ አሰፈርን፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ትንሽ አቃንተናቸዋል። ባለ አንድ ምድጃዋ 2 ኪሎ ከሰልና 8 ሰዓት። ባለ ሁለት ምድጃዋ 6 ኪሎ ከሰልና 4 ሰዓት። እትዬ 5 ኪሎ ከሰልና 7 ሰዓት ተኩል።

ማን ናት ቀልጣፋዋ? ከሰል ብቻ ከታየ የመጀመሪያዋ ናት። ጊዜ ብቻ ከታየ ሁለተኛዋ። እትዬስ? እትዬ በከሰል ሁለተኛዋን ይበልጣሉ፤ በጊዜ ደግሞ የመጀመሪያዋን ይበልጣሉ። ስለዚህ «ከማንም አላንስም» ቢሉ አንድ በአንድ አወዳድሮ የሚረታቸው የለም። የእኛ መሥሪያ ቤቶችም ክርክራቸው ይኸው ነው። «የእኛ ሁኔታ ልዩ ነው» ይላሉ።

ዲ.ኢ.ኤ. እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለው። ሁለቱን ጎበዞች ያዋህዳቸዋል። የ100 ስኒውን ግማሽ በመጀመሪያዋ መንገድ፣ ግማሹን በሁለተኛዋ መንገድ ብናፈላው 4 ኪሎ ከሰልና 6 ሰዓት ይበቃን ነበር። ይህ የእትዬ ወጪ 80 በመቶ ነው፤ በከሰልም በሰዓትም። ስለዚህ የእትዬ ነጥብ 80 ሆነ። ሁለቱ ልጆች 100፣ 100 አገኙ። ጎበዞቹን የሚያገናኘው መስመር ሌሎቹን ሁሉ ከዳር ሆኖ ይጠቀልላቸዋል፤ ኢንቨሎፕመንት የሚለው ቃል የመጣውም ከዚህ መጠቅለል ነው። ከመስመሩ የራቀ ሁሉ ምን ያህል እንደራቀ በመቶኛ ይነገረዋል። ከሁሉ ደስ ያለን ደግሞ ዘዴው ነጥብ ሰጥቶ ዝም አለማለቱ ነው፤ አቻዎችን በስም ይጠራል። «ከእነዚህ ከሁለቱ ተማሩ፤ አንዷ ስለ ከሰል፣ አንዷ ስለ ጊዜ ታሳያችኋለች» ይላል። የሚወዳደሩት እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ከዕቅድ ጋር አይደለም፣ ከጃፓን ጋርም አይደለም፣ ከማዶ ካለችው ጀበና ጋር ነው። ከመቶ በላይ የሚባል ነገርም የለም። 103 በመቶ እዚህ አገር አያልፍም!

ይህን ሁሉ ለእትዬ አስረድተን ስናበቃ ፍሙን እያራገቡ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ቀሪው 20 የት ሄደ ነው የምትሉት?» አሉን። አዎ አልናቸው። «የት ይሄዳል፣ እናንተ ጋ ነው እንጂ! አንድ ስኒ ይዛችሁ ግማሽ ቀን የምትቀመጡት፣ ዱቤውስ? ለእናንተ ሲባል ነው እሳቱ ሳይጠፋ የሚውለው፣ ልጆቼ!»

ሳቅን። ግን መልሱ ሳቅ ብቻ አልነበረም። እትዬ ሳያውቁት የዲ.ኢ.ኤ.ን ትልቁን ጥያቄ ጠይቀውናል። ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ብቻ ነበር የውጤት ተብሎ የተሰመረው፤ ስኒ። እትዬ ደግሞ ከስኒ ሌላ ብዙ ነገር ያመርታሉ። የጎረቤት ቁልፍ እርሳቸው ጋ ይቀመጣል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ እርሳቸው ጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የእድር ስብሰባ መቼ ነው የሚለው ከእርሳቸው ይነሳል። ሥራ ያጣ አምስት ልጅ በዱቤ ጠጥቶ ሰው መስሎ ይውላል። የዱቤ ደንበኛ ቁጥር የምትል አንዲት ዓምድ ብንጨምር ኖሮ እትዬን የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ነጥባቸው በዚያው ቅጽበት 100 ይሆን ነበር። ሒሳቡ ሳይለወጥ፣ ከሰሉ ሳይቀንስ!

ይህ የዘዴው ደግነት ነው፤ ወጥመዱም ነው። ደግነቱ፣ ማንንም በሌላ ሰው ሚዛን አለመመዘኑ ነው። ለእያንዳንዱ ተቋም «አንተን ከሁሉ አስበልጦ የሚያሳየውን ክብደት ራስህ ምረጥ፤ በዚያ ተመዝነህም ካነስክ ግን ሰበብ የለህም» ይለዋል። ወጥመዱ ደግሞ ዓምድ በተጨመረ ቁጥር የማንም ነጥብ አይወርድም፤ ወይ ባለበት ይቆማል ወይ ይወጣል። በቂ ዓምድ ካበዛችሁ ሁሉም መቶ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት የጣት ሕግ አለ፤ የሚለኩት ተቋማት ቁጥር የግብዓትና የውጤት ዓምዶች ተደምረው ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። እኛ ያወቅነው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ 11 ወረዳዎች ነበሩት። ሁለት ግብዓትና ሁለት ውጤት ብቻ ይዘን 11ዱን እናወዳድር ብንል እንኳ 12 ያስፈልገን ነበር። ለአንዲት ወረዳ ጎደለብን ማለት ነው!

ዘዴውን የወለዱት ሰዎች ይህን ሳያስቡ አልቀሩም። የሐሳቡ ጥንስስ የእንግሊዛዊው ምጣኔ ሀብት አዋቂ የማይክል ፋሬል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1957። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጡት ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ጽሑፋቸውን ያሳተሙት አብርሃም ቻርንስ፣ ዊልያም ኩፐርና ኤድዋርዶ ሮድስ ናቸው። ሮድስ ተማሪ ነበር፤ ለዶክትሬት ጽሑፉ የያዘው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለድሃ ልጆች ተብሎ የተዘረጋ «ፎሎው ስሩ» የሚባል የትምህርት ፕሮግራም ነው። ችግሩ እንደ እትዬ ችግር ነበር። ትምህርት ቤት የሚያመርተው ነገር የገበያ ዋጋ የለውም። የአንድ ልጅ ንባብ ስንት ብር ነው? ትርፍና ኪሳራ ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ዋጋ የማይጠይቅ መለኪያ አስፈለጋቸው። የውጤት ዓምዶቻቸው ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ንባብና ሒሳብ ናቸው። ሦስተኛዋን ስናነብ ግን ቆም አልን። ልጁ ለራሱ የሚሰጠው ግምት ትላለች። አያችሁ? ገና ከጅምሩ የማይቆጠር የሚመስለውን ነገር ለመቁጠር ሞክረዋል። «ይህማ አይለካም» ብለው አልተዉትም፤ ዓምድ አሰመሩለት።

የትኛው ዓምድ ግብዓት፣ የትኛው ዓምድ ውጤት ይባል የሚለው የጸሐፊ ጉዳይ አይምሰላችሁ። ባንኮችን ውሰዱ። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን የአገራችንን ንግድ ባንኮች በዚህ ዘዴ እየለኩ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈዋል። ከሁሉ የሚያከራክረው ጥያቄ «የሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ ግብዓት ነው ወይስ ውጤት?» የሚለው ነው። ባንኩን ገንዘብ ሰብስቦ የሚያበድር ደላላ አድርጎ ላየው ሰው ተቀማጩ ጥሬ ዕቃ ነው፣ ግብዓት። ባንኩን አገልግሎት ሰጪ አድርጎ ላየው ሰው ደግሞ ተቀማጩ የሥራው ፍሬ ነው፣ ውጤት። አንድ ባንክ፣ አንድ ብር፣ ሁለት ነጥብ። ስለዚህ ዓምድ የሚያሰምረው ሰው ሒሳብ ከመሠራቱ በፊት ግማሹን ፍርድ ሰጥቷል።

ሌላም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ትግራይ ውስጥ ያሉ 60 ጤና ኬላዎችን በዲ.ኢ.ኤ. ለካ። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ከመስመሩ በታች ሆነው ተገኙ። ይህ ማለት ባላቸው የሰው ኃይል ከዚህ የበለጠ መሥራት ይችሉ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩን ይዞ «ሰነፎች» ብሎ መጮህ ቀላል ነው። የቁጥሩ ጥቅም ግን ሌላ ነው። «ያቺኛዋ ኬላ በተመሳሳይ የሰው ኃይል ይህን ያህል ስትሠራ ይቺኛዋ ለምን አቃታት?» ብሎ በአካል ሄዶ ለመጠየቅ በር ይከፍታል። መንገድ ስለሌላት ነው? የምታገለግለው ሕዝብ ትንሽ ስለሆነ ነው? ወይስ እውነትም ሥራ ስላልተሠራ ነው? ነጥቡ ጥያቄ ይጠይቃል እንጂ መልስ አይሰጥም።

አሁን ወደ መስኮቷ እንመለስ። የዚያን ቀን ቢሮው በዲ.ኢ.ኤ. ቢለካ ግብዓቱ ምን ይሆን ነበር? ሁለት ሠራተኞች ለአራት አራት ሰዓት፣ በድምሩ 8 ሰዓት። ውጤቱ 40 ሰው። በሰዓት አምስት ሰው፤ አያስከፋም። ምናልባት ከጎረቤት ወረዳ ይሻል ይሆናል፤ ምናልባትም 100 ያገኝ ይሆናል። ግን 40 ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ 80 ሰዓት ነው። ለእያንዳንዷ የሠራተኛ ሰዓት የሕዝቡ 10 ሰዓት ተቃጥሏል። ማነው የከፈለው? የቀን ሥራ ቀርታ የመጣችው እናት ከፍላለች። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ያለው ሰውዬ ከፍሏል። እኛም ከፍለናል (የእኛ ርካሽ ቢሆንም)። ይህ 80 ሰዓት በማንም ሪፖርት ላይ የለም። ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ስላልወጣ ወጪ አይባልም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የጻፍንበት ጉዳይ ይኸው ነው። ተቋሞቻችንን መለካት ይገባል ብለን እናምናለን፤ ከራሳቸው ዕቅድ ጋር ሳይሆን ከአቻዎቻቸው ጋር ይለኩ። በ2017 ዓ.ም «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ሲጀምር ደስ ካላቸው ሰዎች ውስጥ ነን፤ ብዙ መስኮት አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን ሰው ሲንከራተት የሚያጠፋው ጊዜ ይቀንሳልና። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የባለጉዳይ ጊዜ በግብዓት ዓምድ ውስጥ ይግባ። ያቺ አንዲት ዓምድ ከገባች ሕዝቡ የከፈለው ሰዓት ከሪፖርት ተደብቆ አይቀርም። ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንደጠበቀ ለመቁጠር ሲስተም አያስፈልግም፤ ደብተር ይበቃል።

እዚህ ላይ ብንጨርስ ጥሩ ነበር። ግን ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ቀርቶናል።

ካዛንቺስ ስሟ ራሱ የመሥሪያ ቤት ስም ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም እዚያ ሰፈር ቤቶች ሠራ፤ ካሴ ኢንቺስ ተባሉ፣ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት። እኛ ደግሞ በአፋችን አሟሸነው። በኋላ በአንድ በኩል የአፍሪካ አዳራሽና ኢሲኤ፣ በሌላ በኩል ትልልቅ ሆቴሎች ሲቆሙ፣ መሐሉ ላይ የጭቃና የጣውላ ቤቶች ቀሩ። በ2017 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ዙር ሲመጣ የዚያ መሐል ትልቁ ክፍል ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄደ። ስለ መጸዳጃ ቤቱና ስለ ጣሪያው ውሸት አንናገርም፤ ክረምት ሲመጣ ምን እንደሚመስል የምናውቀው እኛ ነን። በካሬ ሜትር ስንት ብር ታስገኛለች ተብላ ብትለካ ሰፈራችን ነጥቧ ዝቅ ያለ መሆኑንም አንክድም። በኢሲኤ ጎን፣ በዚያ ውድ መሬት ላይ፣ እኛና እትዬ ተቀምጠን ቡና እንጠጣ ነበርና! ግን የዚያች ሰፈር ውጤት ምን ነበር የሚለውን ዓምድ ማን አሰመረው? እድሩ የት ተጻፈ? ቁልፉ፣ ዱቤው፣ ለቅሶ ላይ ሳይጠሩ የሚመጡት ጎረቤቶች በየትኛው ረድፍ ገቡ?

እትዬን ባለፈው ሄደን ጠየቅናቸው። ሁለት ታክሲ ይዘን፣ ከዚያ በእግር። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ምድጃቸውን ዘርግተዋል። ቤቱ ውሃ አለው፣ ጣሪያው አያፈስም፤ ይህን ራሳቸው ነገሩን፣ እኛም አየን። ያለብንን ዱቤ ከፈልን። እምቢ እያሉ ተቀበሉ። ልማድ ነውና ደብተሩ ወጣ። አሁን በቀን 2 ኪሎ ተኩል ከሰል ያነዳሉ፣ እንደ ድሮው 7 ሰዓት ተኩል ይቀመጣሉ፣ የሚሸጡት ግን 25 ስኒ ነው። ከድሮዎቹ ሁለት ልጆች መስመር ጋር አነጻጽረን አሰላነው። 25 በመቶ ወጣ።

ከ80 ወደ 25። ጀበናው ያው ነው፣ እጃቸው ያው ነው፣ ቡናው ያው ነው። የዲ.ኢ.ኤ. ሊቃውንት ለዚህም መላ አላቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ሊለውጠው የማይችለውን ነገር ለብቻው ዓምድ ሰጥተው ከጥፋቱ ነጻ ያደርጉታል። የእትዬ ዓምድ «ሰፈር» ይባላል ማለት ነው።

«ስንት አገኘሁ?» አሉን እትዬ፣ ደብተሩን እያዩ።

ከመካከላችን ማንም ቶሎ አልመለሰም። በመጨረሻ ሒሳብ ወዳዱ «እትዬ፣ ገና አልጨረስነውም» አላቸውና ደብተሩን አጠፈው። ሁለተኛውን ጀበና ጣዱ።